ልጅ ያቦካው፦ ስለ ወጣቶች ኪነ ጥበብ ጅማ ላይ የተደረገ ንግግር

(ይህ ጽሑፍ ጅማ ውስጥ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለወጣቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል የተናገርሁትን ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ? አካም ኦልታን?

ዝናቡን ችላችሁ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ። የቆርቆሮው ጩኸት ድምፄን ከዋጠው እጃችሁን አውጡ፤ ጮክ ብዬ እናገራለሁ።

ከአንድ ድምፅ ልጀምር። ሊስትሮ ጫማ ሲጠርግ አይታችኋል። አንዱን እግር ጨርሶ ሌላውን ሲፈልግ አፉን አይከፍትም። በብሩሹ ጀርባ ሳጥኑን ይመታል። ጠቅ ጠቅ። ባለጫማውም ስልኩን እያየ፣ ቀና እንኳን ሳይል፣ እግሩን ይቀይራል። መነኸሪያ አካባቢ ይህ ድምፅ በቀን ስንት ጊዜ ይሰማል? ከቁም ነገር የሚቆጥረው ግን የለም።

ከዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ፣ የ13 ዓመት ገደማ ልጅ ከነሳጥኑ ወደ ወጣቶች የድራማና የጭፈራ ቡድናችን ልምምድ መጣ። ሳጥኑን ውጭ ቢተወው ይሰረቅበታል። ስለዚህ ይዞት ገባና በር ጥግ ላይ ተቀመጠበት። ሌሎቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ልብሳቸውም ንጹሕ ነው። ቦታ የለቀቀለት አልነበረም። ያለችን አንዲት ከበሮ ነበረች፤ እሷም ያን ቀን ቆዳዋ ተቀደደና ልምምዱ ቆመ። ምን እናድርግ እየተባባልን ሳለ ከበር ጥግ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። ዞር ስንል ልጁ የቀለም ጣሳዎቹን አውጥቶ መሬት ላይ ደርድሯቸዋል። ሳጥኑን ባዶ አድርጎ ጉልበቱ መሀል ይዞታል። ጠርዙን በብሩሽ፣ መሀሉን በመዳፉ ይመታል። ጠርዙ ቀጭን፣ መሀሉ ወፍራም ድምፅ አለው።

አንዲት ልጅ፣ አባቷ እዚሁ ጅማ መርካቶ ሱቅ አላቸው፣ ጠጋ አለችና «እስቲ ድገመው» አለችው። ደገመው። ያን ቀን የተጨፈረው በዚያ ሳጥን ነው።

ይህን ሥራ ለምን ትሠራለህ ስባል ትዝ የምትለኝ ያቺ ቅዳሜ ናት። ልጁን እኛ አላስተማርነውም። ምቱን ይዞት ነው የመጣው። የእኛ ድርሻ በሩን ክፍት ማድረግ ብቻ ነበር።

ዛሬ ላሳምናችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የወጣቶች ኪነ ጥበብ እኩልነትን፣ ፈውስን፣ ለውጥን ያመጣል ሲባል ትሰማላችሁ። እውነት ነው፣ ያመጣል። የሚያመጣው ግን ልጁ የራሱን ነገር ሲናገር ነው። የእኛን መልዕክት አሸክመን ስናዞረው አያመጣም።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን። ተረቱን ሳንወድ በግድ በየቤታችን እንኖረዋለን። ልጅ ግጥም ሲያነብ እናጨበጭባለን፤ የግጥሙን ሐሳብ ግን አንወያይበትም። ድራማ ሲሠሩ «ጎበዞች!» ብለን ወደ ቁም ነገሩ፣ ወደ ስብሰባው እንመለሳለን። ኪነ ጥበቡ ማሞቂያ ነው። ስንቶቻችን ነን በየበዓሉና በየስብሰባው መክፈቻ ላይ ልጆችን አስጨፍረን ከዚያ በጓሮ በር ያስወጣናቸው? እኔም አድርጌዋለሁ።

ይህ አመል ታሪክ አለው። ከመሀላችሁ በዕድሜ የገፋችሁ የደርግን ዘመን ኪነት ታስታውሳላችሁ። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር። ብዙ ድንቅ ድምፃውያንና ተዋንያን ከዚያ ወጥተዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። መዝሙሩ ግን ከላይ ነው የሚመጣው። ልጆቹ የተሰጣቸውን ነው የዘፈኑት። ቀጥሎ የፀረ-ኤድስ ክበባት ዘመን መጣ። እኔ የዚያ ዘመን ልጅ ነኝ። ሁላችንም አንድ ዓይነት ድራማ ነበር የምንሠራው። አንድ ጥሩ ልጅ፣ አንድ ባለጌ ልጅ፣ መጨረሻ ላይ ባለጌው ይታመማል፣ ይሞታል፣ መጋረጃ ይዘጋል። ያ ሥራ ሰው አላዳነም አልልም። ግን ከእኛው መሀል አባቷን በዚያው በሽታ ያጣች ልጅ ነበረች። ሟቹን «የእጁን ነው ያገኘው» እያልን ስንጫወት እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ልብስ ታቀብለን ነበር። አንድ ቀን እንኳን «አንቺስ ምን ታስቢያለሽ?» ያላት የለም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደግሞ ጥበብ የሚፈውስ መሆኑን ከውጭ አልተማርነውም። እናቶቻችን እህል ሲፈጩ ያንጎራጉሩ ነበር፤ ለባል የማይነገረው፣ ለአማት የማይነገረው ለወፍጮ ይነገራል። ለቅሶ ቤት አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ዝም ብሎ የደረቀው ሐዘንተኛ ድንገት ይፈታል። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባል የለ? እንባውን ግን መንገድ የሚያወጣለት ግጥሙ ነው። እዚህ ጅማ የመንዙማ አገር ነው። ሌሊቱን ሙሉ በአፋን ኦሮሞ ሲዜም፣ ድቤው ሲመታ፣ አብሮ እየተወዛወዘ ያደረ ሰው ጠዋት ፊቱ ምን እንደሚመስል እዚህ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ።

የወጣቶች ጥበብ እኩልነትን ሲጠይቅም አይተናል። በ1950ዎቹ ድሬዳዋ ላይ አፍረን ቀሎ የሚባል ቡድን ተመሠረተ። በአፋን ኦሮሞ በአደባባይ መዝፈን በጥርጣሬ በሚታይበት ዘመን ነው። ትልቅ መድረክ አልነበራቸውም። ሰርግ ቤት ነው የዘፈኑት። ዓሊ ቢራ ቡድኑን ሲቀላቀል ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ነበር። በኋላ ቡድኑ ታገደ። ዘፈኑ ግን ቀረ፤ ሰው ቋንቋውን ሳያፍርበት እንዲያዳምጠው አደረገ። የእኛው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለዓሊ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። በ2015 ዓ.ም. ሲያርፍ እዚህ ከተማ ውስጥ ያለቀሰውን ሰው አይቻለሁ። ያ ሁሉ የተጀመረው ልጆች ባቦኩት ሊጥ ነው።

እኩልነት ትልቅ ቃል ነው። በእኛ ሥራ ግን ትንንሽ ነገሮች ውስጥ ነው የሚገኘው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ፕሮግራም የሚበላሸው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ሰዓት። ልምምዳችን ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር። ሴቶቹ ልጆች ሁለት ሳምንት መጥተው ይቀራሉ። ፍላጎት የላቸውም ብለን ደመደምን። አንድ ቀን የአንዷን እናት መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «ልጄ እኮ 10 ሰዓት ላይ ወጥ ትሠራለች፣ ውኃም ትቀዳለች። 8 ሰዓት ብታደርጉት ምናለ?» አሉኝ። 8 ሰዓት አደረግነው። መጡ። እስከዚያ ድረስ «ሴቶች ለምን አይሳተፉም» ብለን ሁለት ጊዜ ተሰብስበን ነበር፤ እናትየዋን ግን የጠየቀ አልነበረም።

ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፤ ሸክም የሚሠራ ልጅ፣ ከእናቱ ጋር ሽንኩርት የሚሸጥ ልጅ አይመጣም። አርብ ጁምዓ አለ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ረመዳን ሲገባ ሰዓቱ እንደገና ይቀየራል። ቅዳሜ ከሰዓትን ያገኘነው እየተጠያየቅን ነው። ከዚያ የባጃጅ ሒሳብ አለ። ከዚያ ሻይ በዳቦ አለ። ሻይ በዳቦን እንደ ተራ ነገር የሚያዩ አሉ። ጠዋት ሳይበላ የወጣ ልጅ ግን ግጥም አይዘልቅለትም። ሊስትሮውም ልምምድ ላይ በቆየባቸው ሁለት ሰዓታት ገቢ ያጣል። ተማሪው አያጣም። ሁለቱን «እኩል ነው የምናያቸው» ብንል እኩል አላየናቸውም ማለት ነው።

ከሁሉም የከበደን የቋንቋ ነገር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጽሑፉን የምጽፈው እኔ ነበርሁ፣ በአማርኛ። አንድ ልጅ ነበረን፣ ሁለት ወር ሙሉ ዝም ያለ። «አዎ ቲቸር»፣ «እሺ ቲቸር» ብቻ። ዓይን አፋር ነው ብዬ ፈርጄበታለሁ። አንድ ቀን ሽማግሌ ሆኖ እንዲጫወት ሰጠሁትና «በፈለግኸው ቋንቋ አድርገው» አልሁት። በአፋን ኦሮሞ ጀመረ። አያቱን ነው የተጫወተው። ሳሉን፣ ዱላውን፣ ነገር ሲጀምር «ዳጌፋዳ»፣ አድምጡ፣ እያለ የሚያሰማበትን ድምፅ፣ ሁሉንም። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ዓይን አፋር አልነበረም። እኔ ባዘጋጀሁት ቋንቋ ውስጥ ቦታ አጥቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ተዋናዩ በሚቀናው ቋንቋ ይናገራል። ሌላው ይመልስለታል። አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ አንዳንዴም የዳውሮ ልጆች ሲመጡ ዳውርኛው፣ አንድ ጨዋታ ውስጥ ይገባል። ደግሞስ የጅማ መንገድ ላይ የምንነጋገረው እንዲህ አይደል?

ስለ ንቀትም ላንሳ። እኛ ጥበብን እንወዳለን፤ ባለ ጥበቡን ግን ስንንቅ ኖረናል። ሸክላ ሠሪዋን፣ አንጥረኛውን፣ ቆዳ ፋቂውን። በሠሩት ድስት እንበላለን፣ በሠሩት ማረሻ እናርሳለን፣ ልጃችንን ግን አንሰጣቸውም። አዝማሪውንም እንደዚሁ። አንድ ልጅ ማሲንቆ ልማር ሲል አባቱ «አዝማሪ ልትሆንብኝ ነው?» ይለዋል። ልጆቹን ይዘን ጅሬን ወጥተን ነበር፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሊስሉ። የእንጨቱን ሥራ እያዩ አንዱ «ይህን የጠረበው ማነው?» አለ። መልስ አልነበረኝም። ንጉሡን እናውቃለን። ጠራቢዎቹን ስማቸውን አልያዝንም። ይህች በርጩማችን፣ ሦስት እግሯ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው፣ የጅማን ስም አገር ለአገር አዙራለች። የፈለፈላት ሰው ግን የሰፈሩ ልጆች እንኳን በስሙ አይጠሩትም። ስለዚህ አንድ ጠራቢ አባት እየለመንን አምጥተን ለልጆቹ እንዲያሳዩ አደረግን። ሲመጡ ከበሩ ውጭ ቆሙ፤ «ግቡ» ሲባሉ ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ልጆቹ ተነሥተው ወንበር ሰጧቸው። «ኦቦ» እያሉ ጠሯቸው። የእሳቸው ልጅ ከእኛ ጋር ነበር፤ የአባቱን ሥራ ደብቆን ኖሯል። ያን ቀን ግን መሮውን የሚያቀብላቸው እሱ ነበር።

አሁን ወደ ፈውሱ ልምጣ። እዚህ ላይ በጥንቃቄ ነው የምናገረው፣ ምክንያቱም ያበላሸሁት ነገር አለ።

ከጅማ ዞን ስንት እህቶቻችን ወደ ዓረብ አገር እንደሄዱ ታውቃላችሁ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ በየሰፈራችን አንድ ሁለት ተመላሽ ነበረች። ከዚያም በኋላ መመለሱ አላቆመም። አንዷ እኛ ጋ መጣች። ልጅ ናት፣ ግን በዕድሜ ከሌሎቹ ትበልጣለች። ዝምተኛ ነበረች። ግን ትመጣለች፣ ወለሉን ትጠርጋለች፣ ልብሶቹን ታጥፋለች፣ ትሄዳለች። ልብስ ስታጥፍ ያየኋትን አልረሳም። እጅጌውን ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ለሦስት፣ ከዚያ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ታስተካክላለች። በጣም በፍጥነት፣ የሚቆጣት ሰው ከኋላዋ የቆመ ይመስል።

በዚያ ሰሞን የሚረዳን አንድ ድርጅት ነበር። እንግዶች ይዘው መጡ፣ ካሜራም ነበር። «ታሪኳን ብትነግረን» አሉ። እኔም ድጋፉ እንዳይቋረጥ ፈራሁና «ንገሪያቸው፣ አይዞሽ» አልኋት። ነገረቻቸው። አለቀሱ። ፎቶ ተነሡ። እሷ ከዚያ በኋላ ሦስት ቅዳሜ ቀረች። ቤቷ ስሄድ እናቷ «ገበናዋን አስወጣችኋት» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም። ቡና አፈሉልኝ፣ ጠጣሁ፣ ተመለስሁ።

በአራተኛው ቅዳሜ መጣች። ስለ ደላላና ስለ ስደት የሚሆን ጨዋታ እየሠራን ነበር። እኔ የተመላሿን ቦታ ለማንም አልሰጠሁም ነበር። «ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» አልኋት። «ማዳሟን» አለች፤ ዓረብ አገር ያለችውን አሠሪ ማለቷ ነው። ሁላችንም ዝም አልን። ተነሣች። ከሊስትሮው ልጅ የሳጥኑን ቁልፍ ተዋሰች፣ ጣቷ ላይ አንጠለጠለችው። በክፍሉ ውስጥ ዝም ብላ ተራመደች። ቁልፉን ብቻ ታንቃጭላለች። ከዚያ በሩ ጋ ደርሳ የሌለ በር ቆለፈች፣ ሁለት ጊዜ። አንድ ቃል አልተናገረችም። እኛ ግን ምን ማለቷ እንደሆነ ገባን። ስትጨርስ ቁልፉን ለልጁ መለሰችና ሻይ ቀዳች። እጇ አይንቀጠቀጥም ነበር።

በሰው ፊት ታሪኳን ስትናገር ተጎዳች። ራሷ መርጣ ሌላ ሰው ሆና ስትጫወተው ደግሞ ነገሩን ያዘችው፣ እንደ ዕቃ አዙራ አየችው። ሁለቱ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኔ ልዩነቱን የተማርሁት በእሷ ጉዳት ነው።

በጥናትም የታየ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ጄምስ ፔነቤከር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ተማሪዎችን በቀን 15 ደቂቃ፣ ለ4 ቀናት፣ ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር እንዲጽፉ አደረገ። ስለ ስሜታቸውም ስለ ክስተቱም አብረው የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ክሊኒክ የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነው። ግን ልብ በሉ፣ ጽፈው እንደጨረሱ ወዲያው ሐዘናቸው በርትቶ ነበር። መፈወስ መጀመሪያ ላይ ያማል። ደግሞ የጻፉት ስማቸው ሳይገለጥ ነው፣ ካሜራ ፊት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከ3 ሺህ በላይ ጥናቶችን ተመልክቶ ጥበብ በሽታን ለመከላከልም ሕመምን ለማስታመምም እንደሚያግዝ ገልጿል። አዲስ አበባ የፈቃት ሰርከስ ልጆች ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ገብተው የታመሙ ሕፃናትን ያስቃሉ። ጥበብ ግን የሐኪምን ቦታ አይወስድም። እንቅልፍ ያጣች፣ ራሷን ልጉዳ የምትል ልጅ ካጋጠማችሁ ድራማ አትስጧት፤ እጇን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታላችን የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውሰዷት። በተመሳሳይ፣ ለመድረክ ያልደረሰ ቁስል አለ። በ2003 ዓ.ም. በአሰንዳቦና አካባቢው የእምነት ቤቶች ተቃጥለው ሺዎች የተፈናቀሉበትን ጊዜ እናስታውሳለን። ልጆቹን «ይህን እንሥራ?» ብያቸው ነበር። «ገና ነው ቲቸር» አሉ። ልክ ናቸው ብዬ ተውሁት። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ልጅ በአንድ ብርጭቆ ተራ በተራ ሻይ እየጠጡ ሌላ ጨዋታ ሠሩ።

ለውጡስ? የምንጠቀምበት መንገድ ፎረም ቲያትር ይባላል። ያመጣው ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦዋል ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. በአገሩ ወታደራዊ መንግሥት ታሰረ፣ ተሰደደ፤ ይህን መንገድም በስደት ሳለ አዳበረው። አሠራሩ ቀላል ነው። አጭር ጨዋታ ትሠራላችሁ፣ መጨረሻው መጥፎ ነው። ከዚያ ከመጀመሪያው ትደግሙታላችሁ። ከተመልካች «እዚህ ጋ እኔ ብሆን ሌላ ነገር አደርግ ነበር» የሚል ሰው «ቁም!» ይላል። ጨዋታው ይቆማል። ተዋናዩ ይወጣል፣ ያ ሰው ገብቶ በቦታው ይሞክራል። ሰባኪ የለም። ቦዋል ወደ አገሩ ተመልሶ የሪዮ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነ፣ ከ1993 እስከ 1996። በየሰፈሩ በቲያትር የተነሣውን ሐሳብ ወደ ምክር ቤት እየወሰደ 13 ሕጎች እንዲወጡ አድርጓል።

በእኛም አገር ተሞክሯል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ከጎዳናና ከደሃ ቤት የመጡ ልጆች የተሰባሰቡበት አዱኛ የሚባል የዳንስ ቡድን ተቋቋመ። 5 ዓመት ሠለጠኑ። በፎረም ቲያትር ከፖሊሶች ጋር ሁሉ ሠርተዋል፤ ጎዳና ላይ ያለ ልጅና ፖሊስ እንዴት እንደሚተያዩ። ከእነሱ አንዱ ጁነይድ ጀማል ስንዲ ትልቅ የዓለም አቀፍ የዳንስ ዕድል አግኝቶ ታላላቅ መድረክ ላይ ቆሟል። እኔ ግን ከሁሉም የምቀናው በ5 ዓመቱ ነው። አሁን ፕሮጀክት 6 ወር ነው፣ ቢበዛ ዓመት። ልጁ ገና ማመን ሲጀምር ሒሳቡ ይዘጋል። እዚህም በ1980ዎቹ የሰርከስ ልጆች ነበሩን፤ ጅማ ሰርከስ ስል ዓይናችሁ የሚበራ ሰዎች እያየሁ ነው።

የስደቱን ጨዋታ ገበያ አጠገብ አሳየን። በመጀመሪያው ዙር ደላላው ያባብላል፣ አባት ይፈርማል፣ ልጅቷ ትሄዳለች። ሁለተኛው ዙር ላይ አንዲት ጀበና ቡና የምትሸጥ እናት «ቁም!» አሉ። ገብተው የእናቷን ቦታ ያዙ። ደላላውን በአፋን ኦሮሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፦ «ያንተ ልጅ የት ናት?» ደላላውን የሚጫወተው ልጅ መልስ አጣ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ደስ አለኝ፣ ተሳካ ብዬ። ከዚያ አንድ ጎልማሳ ገባ፣ አባትየውን ሊተካ። ሞከረ። ደላላው «እሺ፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ወንድሞቿ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ብሩን ከየት ታመጣለህ?» ሲለው ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆመ። «አላውቅም» ብሎ ወጣ።

ከጭብጨባው ይልቅ ያ «አላውቅም» ነው ሥራ የሠራው። ሰው ችግሩ የግንዛቤ ማነስ አለመሆኑን አየ። ስንት ፖስተር ለጥፈናል፣ «ሕገ ወጥ ስደት ይቁም» የሚል! አባትየው ማንበብ አቅቶት አይደለም የፈረመው። ከዚያ በኋላ የተነሣው ወሬ ስለ ጣሪያና ስለ ብር ነበር። የሰፈሩ እድር ሰዎች ደላላ የሚመላለስበት ቤት ካለ ለእድሩ ዳኛ እንዲነገርና ቤቱ ምን እንደቸገረው ቀርቦ እንዲጠየቅ ተስማሙ። ትንሽ ነገር ናት። እስካሁን አንድ ጣሪያ በእድሩ ብር ተጠግኗል። የዚያች ቤት ልጅ እዚሁ ናት፣ ትማራለች።

ወላጆች አንድ ነገር ጠይቁን። ልጃችሁ የሚውልበት የጥበብ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ እወቁ። ኃላፊው ማነው? በር ዘግቶ ብቻውን ከልጅ ጋር ይሆናል? ጉዞ ሲኖር ማን አብሮ ይሄዳል? ልጅ የሚያምንበት ቦታ ሁሉ ክፉ ሰው የሚፈልገው ቦታም ነው። የሚቆጣ አሠልጣኝ ካያችሁ፣ «ጥያቄ አበዛችሁ» የሚል ካያችሁ፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። እኛ ጋ ሁልጊዜ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ በሩም ክፍት ነው። ማንኛዋም እናት ሳታስታውቅ መጥታ ልትቀመጥ ትችላለች። የአዳራሹን ቁልፍ አሁን ልጆቹ በየሳምንቱ ተራ ይይዙታል፤ በፊት ጥበቃው ይዞት ይሄድና ዝናብ ላይ ይቆሙ ነበር።

የሚጎድለንን ልንገራችሁ። በክረምት ቆርቆሮው ስለሚጮህ የንግግር ልምምድ አይቻልም፤ ያኔ ድምፅ አልባ ጨዋታ ነው የምንሠራው። ሳር ክዳን ያለው ወይም ኮርኒስ የተመታለት ክፍል ያላችሁ ካላችሁ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት አውሱን። የከበሮ ቆዳ የሚወጥር ሰው እንፈልጋለን። መምህራን፣ ልምምድ ያለበትን ልጅ ቅዳሜ ማካካሻ ትምህርት ስትጠሩት እስቲ አስቡበት። ሻይ በዳቦውን እስካሁን አንድ ዳቦ ቤት በዱቤ እየሰጠን ነው፤ ዱቤው በዝቷል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ አዲስ ጨዋታ አለ። ጽሑፉን አላየሁትም፤ ልጆቹ ደብቀውኛል። የሚጀመረው ሳጥኑ ሦስት ጊዜ ሲመታ ነው። ስትመጡ ፊት ፊት ተቀመጡ። «ቁም!» ለማለት ከኋላ ድምፅ አይደርስም።